ማን እንዲያውቅ ይፈቅዳሉ?

ይሉኝታ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ዳርቱ ዱሬሳ ኮምፒውተር ስትማር ስለ ቫይረስ፣ ስለ ሰርጎ ገብ፣ ስለ ደካማ ፓስወርድ በየሴሚስተሩ ተነግሯታል። ስለ ይሉኝታ ግን አንድም መምህር ትንፍሽ አላለም። ሥራ በያዘች በሦስተኛ ወሯ በገዛ እጇ የዘጋችውን በር መልሶ ያስከፈታት እሱ ነው። ሰርጎ ገብ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ሰርጎ ገብ ቢያንስ ይሰደባል።

ዳርቱ የምትሠራው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ባለ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ክሊኒኩ በሩ ላይ የተጻፈ ረጅም ስም አለው፤ የሰፈሩ ሰው ግን በባለቤቱ በዶክተር ምንያህል ስም «ምንያህል ጋ» ይለዋል። ዶክተሩ የወረቀቱን ካርድ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ካስገለበጡ በኋላ ነው ዳርቱን የቀጠሯት። ስትመጣ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል አንድ ሰርቨር ተቀምጦ አገኘች፤ አሥር ኮምፒውተሮች ከሱ ጋር ተያይዘዋል፤ ካርድ ክፍሉም፣ ነርሶቹም፣ ላቦራቶሪውም፣ ፋርማሲውም በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ ይገባሉ። ፓስወርዱ ደግሞ በቁስል ፕላስተር ላይ ተጽፎ በየስክሪኑ ግንባር ተለጥፏል። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ተደባድበው የመጡ ይመስሉ ነበር።

ዳርቱ መጀመሪያ ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ ላጠች። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ ስም ሰጠችው፤ ሠራተኞቹንም በየሥራቸው በቡድን ከፈለቻቸው። ካርድ ክፍል የታካሚውን ስም፣ አድራሻና የመጣበትን ቀን ያያል። ላቦራቶሪው የታዘዘለትን ምርመራ፣ ፋርማሲው የመድኃኒቱን ማዘዣ ያያል። ውጤቱንና ሐኪሙ የጻፈውን ግን ከሐኪሞችና ከነርሶች በቀር ማንም አያይም። ማንኛውም ሰው የማንንም ፋይል በከፈተ ቁጥር ስሙና ሰዓቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የመዝገቡ ቅጂ ደግሞ ወዲያው ዶክተሩ ክፍል ወዳለ ሌላ ኮምፒውተር ይሄዳል። ይህን ስትጨርስ ኩራት ቢጤ ሽው ብሏት «እኔ እንኳን ልሰርዘው አልችልም» ብላ ለዶክተሩ ነግራቸዋለች። ይህችን ንግግር በኋላ ታስታውሳታለች።

ማጉረምረም አልቀረም። የፋርማሲው የማነ ለአንድ ሳምንት አኮረፋት፤ አልታመንም ማለት ነው ወይ ብሎ ነው። ሰው ቤት በእንግድነት ስትሄድ ጓዳ ካልገባሁ ትላለህ ወይ አለችው። ሲያስበው ዋለና በማግስቱ ሰላም አላት። ሌሎቹም ለመዱት። የቀሩት እትዬ ብዙነሽ ብቻ ነበሩ።

እትዬ ብዙነሽ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ናቸው ማለት ትክክል ነው፤ ግን ያንሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚያች መስኮት ኋላ ተቀምጠዋል። ሰው ስሙን ሳይነግራቸው የአያቱን ስም ይነግሩታል። ከምንም በላይ ግን ሕመምተኛ መጠየቅ ይወዳሉ፤ ሰው ታሞ ሳይጠየቅ ከሚቀር እሳቸው ቢታመሙ ይመርጣሉ። ካርድ ሲያወጡ የታመመውን ሰው ሁኔታ ይረዱና ለእትዬ አገርነሽ፣ ለሴቶች እድር ሰብሳቢዋ፣ ሹክ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው ብርቱካንና አምቦ ውኃ ይዞ መንገድ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ ብዙነሽ ወሬ አወራሁ ብለው አያውቁም፤ እሳቸው የሚያውቁት ሰው እንዳስጠየቁ ነው።

የቡድኖቹ የስም ዝርዝር በተጻፈ ቀን ከደረጃው ሥር ወዳለችው ክፍል መጥተው በሩን ተደገፉ። «እኔንስ ከየት ከየት ልታስወጪኝ ነው?» አሉ። አፋቸው ይስቃል፣ ዓይናቸው ግን አይስቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት የዳርቱ አባት ኦቦ ዱሬሳ ሆዳቸውን ታመው በድንገት ሆስፒታል ሲገቡ፣ እሷና እናቷ ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ቁጭ ብለው አድረዋል። ኦቦ ዱሬሳ የካ ተራራ ሥር ሲያርሱ የኖሩ፣ ችግራቸውን ለጎረቤት የማይነግሩ ሰው ናቸው፤ ቤተሰቡም እንደሳቸው ነው። ሲነጋ ግን ኮሪደሩ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰው ተሞላ። ፊት ፊት የሚሄዱት እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። ለቀዶ ጥገናው ደም ሲጠየቅ ከጠያቂዎቹ መሃል ሦስቱ እጃቸውን ዘረጉ። አባቷ ዛሬ በሕይወት ያሉት በማን ምክንያት እንደሆነ ዳርቱ አሳምራ ታውቃለች። ታዲያ እኚህን ሴት በምን አፏ «እርስዎ ከዚህ ወዲያ አይለፉ» ትበላቸው?

አንድ መስመር ነው የጻፈችው። «ብዙነሽ»ን ነርሶቹ ቡድን ውስጥ ጨመረችና «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ መታች። እትዬ ብዙነሽ መርቀዋት ሄዱ። ዳርቱም ለጊዜው ነው፣ ነገ አስተካክለዋለሁ አለች። ነገ የሚሏት ቀን ደግሞ የምትመጣው ለሌላ ሥራ ነው፤ ስምንት ሳምንት አለፈ።

በዘጠነኛው ሳምንት ሰኞ ኢልሃም ልትመረመር መጣች። ኢልሃም ታክሲ ተራው አጠገብ ፍራፍሬ ትሸጣለች፤ ወላጆቿ ከስልጤ የመጡ ናቸው፤ ባሏ ሱፊያን ከቡታጅራና ከወራቤ አቮካዶና ማንጎ እየጫነ ያመጣላታል። ከተጋቡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። በሁለቱም ጊዜ አገር ምድሩ እንኳን ደስ ያለሽ ካለ በኋላ፣ ያው አገር ምድር አይዞሽ ሊላት ተመልሶ መጥቷል። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ሐኪሙ «አርግዘሻል» ሲላት ሆድ ይፍጀው አለች። ሱፊያን ሐሙስ ከመንገድ ሲመለስ በራሷ አፍ ትነግረዋለች። ለሦስት ቀን ብቻዋን የያዘችው ደስታ እንዲኖራት ፈልጋ ነበር፤ ይህን ያህል ነው የፈለገችው።

ማክሰኞ ቀን ሱፊያን ቡታጅራ ላይ አቮካዶ ሲያስጭን ስልኩ ጠራ። የደወለው የሰፈር ሰው ነው። እንኳን ደስ ያለህ፣ ዘንድሮስ አላህ ያጽናላችሁ አለው። ሱፊያን አመስግኖ ዘጋና ሚስቱ ጋ ደወለ። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም። «ለኔ በመጨረሻ?» አላት።

ረቡዕ ጠዋት ኢልሃም ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ቆመች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ለሁሉም ይቀል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ቦታ እንደምትሄድ ለዶክተር ምንያህል ነገረቻቸው። ዶክተሩ ለመኗት። ሁለት ጊዜ የወረደባት ሴት በቅርብ መታየት እንዳለባት፣ ጉርድ ሾላ ድረስ በሁለት ታክሲ መመላለስ እንደማይበጃት አስረዷት። ሰማቻቸው፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሄደች። ዶክተሩ ወደ ዳርቱ ዞሩ። ፋይሉን የከፈተውን ሰው ስም እስከ ነገ ጠዋት እንድታመጣላቸውና ያ ሰው ማንም ይሁን ማን ከዚህ ቤት እንደሚወጣ ነገሯት። ዶክተር ምንያህል ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ለዚህ ነው ዳርቱ የደነገጠችው።

መዝገቡን ለማየት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ብዙነሽ፣ የኢልሃም ውጤት። ገና ሳትከፍተው የምታየው ይህን እንደሆነ ልቧ ነግሯታል። ወደ ኋላ ስትሄድ ደግሞ ሌላ መስመር አገኘች። ዳርቱ፣ ብዙነሽን ነርሶች ቡድን ውስጥ ጨመረች። ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ። ሁለቱንም ዓይኗ እስኪደክም አየቻቸው። ቅጂው ዶክተሩ ክፍል ባይሄድ ኖሮ ሁለተኛውን መስመር ትሰርዘው ነበር ወይ? እሷ ራሷ አታውቅም፤ ስለማታውቅም ሰርቨሩን እንደዚያ አድርጋ በማሰሯ ተመስገን አለች። ሌላ ሰው ቢሆን አሳልፎ መስጠት ቀላል ነው። እትዬ ብዙነሽን አሳልፋ ከሰጠች ግን ዕድሜ ልኳን አባቷን ቀና ብላ ማየት አትችልም።

በምሳ ሰዓት እትዬ ብዙነሽ ግቢው ውስጥ ጽዱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዳርቱ አጠገባቸው ተቀመጠችና የኢልሃምን ፋይል ከፍተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አልካዱም። ከፍቻለሁ፣ ደስ ብሎኝም ለአገርነሽ ነግሬያታለሁ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት አሉ። ያች ልጅ ሁለት ጊዜ ስታለቅስ አጠገቧ ነበርኩ፣ በደስታዋ ጊዜ እንዴት ዝም እላለሁ አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን ለማስረዳት ዳርቱ አልደከመችም። ሱፊያን ከማን እንደሰማና ሲደውል ምን እንዳለ ብቻ ነገረቻቸው።

እትዬ ብዙነሽ የያዙትን የምሳ ዕቃ ከደኑት።

«ባሏ ከሰው ሰማ?» አሉ። «እኔ አፈር ልብላ፤ ከሷ አፍ ነጠቅኩባት።»

«እኔም አለሁበት፣ እትዬ። ሊያዩት የማይገባዎትን በር ከፍቼ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ አክብረሽኝ ነው።»

«አዎ» አለች ዳርቱ። «ማክበሬ ነው ጥፋቱ።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ዶክተሩ ክፍል ገቡ። ዳርቱ ሁለቱን መስመሮች በወረቀት አትማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ የራሷን አስቀድማ አነበበች። ሥራዋ በሩን መዝጋት እንደነበርና በይሉኝታ እንደከፈተችው፣ እትዬ ብዙነሽ የገቡት በተከፈተ በር እንደሆነ ተናገረች። ሰው የሚወጣ ከሆነ ከኔ ይጀመር አለች። እትዬ ብዙነሽ ደግሞ እሷ ልጅ ናት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዚህን ቤት እንጀራ የበላሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ያሰናብቱኝ አሉ። ዶክተሩ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን እያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። በዚህ ዓይነት እኔ ራሴ ጥፋተኛ ሳልሆን አልቀርም ብለው ያሰቡ ይመስሉ ነበር።

«ለሁለታችሁም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፋል» አሉ። «ኢልሃም ወደ ክትትሏ ከተመለሰች ሁለታችሁም ትቆያላችሁ። ካልተመለሰች ግን ይህን ነገር እንደገና እናነሳዋለን።»

ዳርቱ ከዶክተሩ ክፍል ወጥታ ቀጥታ ከደረጃው ሥር ገባች። እትዬ ብዙነሽን ከነርሶቹ ቡድን አወጣቻቸው። ይህም አንድ መስመር ነው፤ ያኔ ስትጨምራቸው ጣቷን ያልከበዳት መስመር አሁን ስታስወጣቸውም አልከበዳትም፤ ምክንያቱም እትዬ ብዙነሽ ራሳቸው አጠገቧ ቆመው «ምቺው፣ ልጄ» ይሏት ነበር።

የሚቀረው ጥየቃው ነው። ሰው ሁሉ ታሞ በዝምታ ይተኛ ማለት ዳርቱም አትወደውም፤ የአባቷን ኮሪደር አልረሳችም። ስለዚህ ካርድ ሲወጣ ታካሚው ራሱ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ፎርሙ ላይ እንዲጨመር አሰበች። መልሱን ካርድ ክፍል ያየዋል፤ ማን ይወቅ፣ ማን አይወቅ የሚለውን የሚወስነው ግን የሕመሙ ባለቤት ነው። ጥያቄውን «የጤና መረጃዎ ለሦስተኛ ወገን እንዲገለጽ የሰጡት የስምምነት ወሰን» ብላ ጻፈችው። እትዬ ብዙነሽ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ይህን አንብቦ የሚረዳ ሰው ጤነኛ ነው፣ እኛ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል አሉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብለው በራሳቸው እጅ «ማን እንዲያውቅ ይፈቅዳሉ?» ብለው ጻፉት። እንደተጻፈ ቀረ።

ኢልሃም ጋ ሐሙስ ከሰዓት አብረው ወረዱ። እትዬ ብዙነሽ ሱቋ ፊት ቆመው ሰበብ አላበዙም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ደስታሽን ቀማሁሽ፣ ይቅር በይኝ አሉ። ኢልሃም ማንጎ መደርደሯን አላቆመችም። ይቅርታውን እንደተቀበለች፣ ይቅር ማለት ግን ፋይሏን እንደገና እዚያ ማስቀመጥ ማለት እንዳልሆነ በእርጋታ ነገረቻቸው። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ደስ ይለውና ይነግርብኛል አለች። ዳርቱ በቃል ከማስረዳት ብታሳያት እንደሚሻል አሰበችና ለአንድ ጊዜ ብቻ እንድትመጣ ለመነቻት።

ዓርብ ጠዋት መጣች፤ ሱፊያንም አብሯት ነበር። እትዬ ብዙነሽ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጡ፤ ሰዎቹን ከኋላቸው አቆሙ። በራሳቸው ስም ገቡ፣ የኢልሃምን የካርድ ቁጥር ጻፉ፣ ውጤት የሚለውን ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ «ይህን ለማየት ፈቃድ የለዎትም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እንደገና ተጫኑ፤ ያው። ለሦስተኛ ጊዜ እልህ በያዘው ጣት ተጫኑና ወደ ኋላ ዞረው ኢልሃምን አዩዋት። ፊታቸው በርቷል። ልጁ ፈተና ያለፈለት ሰው እንኳን እንደዚያ አይኮራም።

«አየሽ?» አሉ። «እኔም አልችልም!»

ሱፊያን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ኢልሃምም ተከተለችው። ስትጨርስ ግን ፊቷን ወደ ዳርቱ አዞረች። «አንቺስ? አንቺም አትችይም?»

ዳርቱ አልችልም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «እኔ እችላለሁ» አለች። «የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ሁሉንም መክፈት ይችላል። አልችልም ብልሽ ውሸት ነው። ብከፍተው ግን ስሜ ይጻፋል፤ የተጻፈው ደግሞ ዶክተሩ ጋ ይደርሳል።»

«እሱ ከከፈትሽ በኋላ ነው። ከመክፈትሽ በፊት ማን ይይዝሻል?»

ለዚህ ምንም ትእዛዝ፣ ምንም መስመር እንደሌለ ዳርቱ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ትምህርት ቤትም አላስተማሯትም። «ከመክፈቴ በፊት እኔው ነኝ» አለች።

ኢልሃም እሺ፣ እናያለን አለችና ወደ ነርሶቹ ክፍል ገባች። ክትትሏን ቀጠለች ማለት ነው። ዶክተሩም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹን ፈርመው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ያን ነገር ዳግመኛ አላነሱም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ደስ የሚሉ ነበሩ። እትዬ ብዙነሽ ጥያቄያቸውን በመስኮቱ ለሚመጣው ሁሉ ያነቡለታል፣ መልሱንም ይጽፋሉ። አብዛኛው ሰው «ሁሉም» ይላል። አንድ ሽማግሌ «ከአማቴ በቀር ሁሉም» አሉ። አንዲት ሴትዮ ዱባይ ያለችው ልጃቸው ብቻ እንዳትሰማ፣ ሌላው ቢሰማ ግድ እንደሌላቸው አጻፉ። አንዳንዱ ደግሞ ማንም አይወቅ ለማለት «ማንም» ይላል፤ እትዬ ብዙነሽ ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን ንክስ አድርገው ይጽፉታል። የፈቀደ ሰው እንደድሮው ይጠየቃል፤ ያልፈቀደ ያርፋል። ዳርቱም የሰው ሆድ ምን ያህል የተለያየ እንደሆነ እያየች ሥራዋን ወደደችው።

ክረምቱ ወጥቶ ኢልሃም ስምንት ወሯን ስትይዝ፣ አንድ ሰኞ እትዬ ብዙነሽ መስኮታቸው ላይ አልነበሩም። ቅዳሜ ማታ አሟቸው በማግስቱ ዶክተሩ አይተዋቸዋል፤ ከዚያ በቀር የሚታወቅ ነገር የለም። በቦታቸው የተቀመጠችው ባርኮት የምትባል ወጣት ሠራተኛ የእትዬ ብዙነሽን ካርድ ከፈተችና ዓይኗን ማመን አቃታት። «ማን እንዲያውቅ ይፈቅዳሉ?» ከሚለው ሥር «ማንም» ተብሎ ተጽፏል።

እትዬ አገርነሽ ራሳቸው መስኮቱ ድረስ መጥተው አፍጥጠው ቢጠይቁም ባርኮት አልፈቀዱም አለቻቸው። ጥየቃን ያስተማሩ ሴትዮ እንዴት አትጠይቁኝ ይላሉ እያሉ ሄዱ። ነገሩ ክፉ ቢሆን ነው የሚል ፍርሃት በክሊኒኩ ተዛመተ። የማነ ከደረጃው ሥር መጥቶ አንቺ አድሚን አይደለሽ፣ አንዴ ብቻ አየት አድርጊው አላት። ቤት ስትገባ ደግሞ ኦቦ ዱሬሳ ብዙነሽ ምን ሆና ነው ብለው ጠየቋት። አላውቅም፣ አባ አለቻቸው። አባቷ የኮምፒውተሩ ቁልፍ በሷ እጅ እንደሆነ ስለሚያውቁ እንግዲህ ካልሽ ብለው ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከየማነ ንዝንዝ የከበደ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ብቻዋን ሳለች ዳርቱ ትእዛዙን ጻፈችው። የእትዬ ብዙነሽን የካርድ ቁጥር ጨምራ የመጨረሻዋ ቁልፍ ብቻ ስትቀራት እጇን አነሳች። ለወሬ እንዳይደለ ታውቃለች። ስለምትወዳቸው ነው፣ ስለምትፈራላቸው ነው። ከዚያ እትዬ ብዙነሽም ያን ዕለት የኢልሃምን ፋይል ሲከፍቱ ስለሚወዷት እንደነበር ትዝ አላት። የጻፈችውን ፊደል በፊደል አጠፋችው። ረቡዕ ዕለትም ሳትከፍተው ዋለች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ስልኳ ጠራ። እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ ድምፃቸው ደከም ብሏል።

«ዳርቱ፣ ልጄ፣ ካርዴን ከፈትሽው?»

«አልከፈትኩም፣ እትዬ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ።»

«እንግዲያስ ነይ» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «እኔው ልንገርሽ።»

ዳርቱ ዶክተሩን አስፈቅዳ ወጣች። ታክሲ ተራው ጋ ስትደርስ ኢልሃም ሱቅ ጎራ ብላ ብርቱካን አስመዘነች። ኢልሃም ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ እየመዘነች ሰው ልትጠይቂ ነው አለቻት። ዳርቱ አዎ አለች። ኢልሃም ማንን ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው፤ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ሦስት ብርቱካን ጨመረችበት።

የእትዬ ብዙነሽ ቤት ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ዳርቱ ላብ በላብ ሆና ስትደርስ ግቢያቸው ውስጥ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ጉንጯን ሳሟትና አስቀመጧት። የሐሞት ጠጠር ነው አሉ፤ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ የታወቀው ትናንት ነው፤ ሌላ ክፉ ነገር የለም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል ገብተው ይወጣላቸዋል። ዳርቱ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ፤ ሦስት ቀን የያዘችው ነው።

«ማንም ብዬ የጻፍኩት ፈርቼ ነው» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ሕመሜን እኔ ሳላውቀው ሰው አውቆት፣ ፊቴን እያየ ከንፈር እንዲመጥልኝ አልፈለግኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው እንዲህ እንደሚፈራ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ስጠይቃት እንኳን ኢልሃምን አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ እሑድ ነው። ደግሞ አንቺን ሳስብ፣ ዳርቱ መቼም አያስችላትም፣ ትከፍተዋለች ስል ሰነበትኩ።»

«ልከፍተው ጽፌ ነበር» አለች ዳርቱ። «አጠፋሁት።»

እትዬ ብዙነሽ እጇን ጭብጥ አደረጉ። ከዚያ ብርቱካኑን ከፌስታሉ እያወጡ ሲቆጥሩ የድሮው ሰውነታቸው ተመለሰ። ለቀዶ ጥገናው ደም ሊያስፈልግ ይችላል ተብለዋል፤ ብቻቸውን ደግሞ ይሰለቻቸው ጀምሯል። ለአገርነሽ ንገሪልኝ አሉ። ሁሉም ይወቅ፤ ግን ቅዳሜ ይምጡ፣ እስከዚያ ቤቱን ላዘጋጅ፤ ሁሉም ብርቱካን ይዞ እንዳይመጣም ንገሪያት። ዳርቱ ስልኳን አውጥታ ልትደውል ስትል ደግሞ አስቆሟት።

«መጀመሪያ ፈቅደዋል በያት» አሉ። «ቀጥለሽ ነው ሕመሙን የምትነግሪያት።»

ዳርቱ እንደታዘዘችው ደወለች።

ቅዳሜ ጠዋት የፈረንሳይ ሰው ዳገቱን ይወጣ ጀመር። ኢልሃም እርጉዝ ናት ተብላ ሱፊያን ብቻውን የማንጎ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ግን ሰው ቤት መሄድ የማይወዱት ኦቦ ዱሬሳ ነበሩ። በሩን ሳያንኳኩ ደጁ ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ እትዬ ብዙነሽ ከፍተው ሲያዩዋቸው ግራ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበውታል። ደሙ የሚሰጠው የት እንደሆነ ጠየቁ።